የታማሚ ምስጢር አማና ነው

ሰው ጤናው ሲታወክ ለሐኪም የሚናገረውን ለእናቱም ላይናገረው ይችላል። ከትዳር ጓደኛው የደበቀውን፣ በወጣትነቱ የሳተውን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውን ሁሉ ዘርግፎ ይነግረዋል። ይህን የሚያደርገው ሐኪሙ ዘመዱ ስለሆነ አይደለም፤ ነገሩ ከዚያች ክፍል አይወጣም ብሎ ስላመነ ነው። ይህ እምነት የፈረሰ ዕለት ሰውየው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ከነበሽታው ቤቱ ይቀመጣል። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው አፍሮ ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በእስልምና የዚህ ጉዳይ ስሙ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዟል፤ በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለልን ከልክሏል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባካሄደው ጉባኤ፣ የሕክምና ምስጢርን ማውጣት በመሠረቱ የተከለከለ መሆኑን ወስኗል። ልዩ ሁኔታ የሚኖረው ምስጢሩን መደበቅ ከማውጣቱ የከፋ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አማናው ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ማን ይጠብቀዋል?

ሁለት ጎረቤታም አገሮች የተለያየ ትምህርት ይሰጡናል። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀ መዝገብ ይፋ ወጣ። ከ30 ሺህ በላይ ታማሚዎች ለሐኪማቸው ያወጡት ገመና በሌባ እጅ ገባ። ሌባው ለታማሚዎቹ በየግላቸው እየጻፈ “ገንዘብ ካልከፈላችሁ ምስጢራችሁን እበትነዋለሁ” አላቸው።

ከባሕሩ ማዶ ያለችው ኢስቶኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ከባድ የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶባት ስለነበር ቀድማ ማሰብ ጀመረች። በ2008 አገር አቀፍ የጤና መዝገብ ሥርዓት አቋቋመች፤ ከ2016 ጀምሮም የመዝገቡን ትክክለኛነት በብሎክቼይን ቴክኖሎጂ ለማስጠበቅ ተነሳች። ታማሚው መዝገቡን ማን፣ መቼ እንደከፈተው ራሱ ያያል፤ ከፈለገም ለሐኪሞች ይዘጋዋል።

ብሎክቼይን በቀላል አነጋገር፣ አንድ መዝገብ በብዙ ኮምፒዩተሮች ዘንድ በቅጂ የሚቀመጥበትና እያንዳንዱ ገጽ የፊተኛውን ገጽ አሻራ የሚሸከምበት አሠራር ነው። አንድ ሰው ከኋላ ካለው ገጽ አንዲት ፊደል ቢለውጥ አሻራው ይለወጣል፤ ሌሎቹ ቅጂዎችም ይመሰክሩበታል። ለእኛም አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚሁ ዘዴ ለመመዝገብ ስምምነት ማድረጉ ተነግሮ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች “ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ለምን? ሐኪሙን ማመን አይበቃም ወይ?” ይላሉ። ነገር ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራህ ያለው፣ ስለ ብድር የሚናገር ነው፤ ጻፉት፣ ምስክርም አቁሙ ይላል። አማኞች እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ ነውን? አይደለም። ሰው ይረሳል፣ ይሞታል፣ ይፈተናል፤ ጽሑፍና ምስክር ለታማኙም ሰው ከለላ ነው። ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሌላ በኩል “ማሽኑ ስለሚጠብቅ የሰው ታማኝነት አያስፈልግም” የሚሉ አሉ። ይህ የባሰ ስህተት ነው። አሻራው መዝገብ ሲለወጥ ያጋልጣል እንጂ የተፈቀደለት ሰው አንብቦ በቡና ላይ እንዳያወራው አያግድም። ማሽን ይመሰክራል፤ አላህን መፍራት ግን የሰው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ያለመፋቁ ነው። ብሎክቼይን የተመሰገነበት ነገር የተጻፈበት አለመጥፋቱ ነው። በሃይማኖታችን ደግሞ የወንድሙን ነውር የሸፈነ፣ አላህ በዱንያም በአኺራም ይሸፍነዋል። በሃያ ዓመቱ በሱስ ተይዞ የታከመ፣ ተውበት አድርጎ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው ያ ገጽ እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለው? ለሥራ ሲያመለክት፣ ለኒካሕ ሲጠይቅ ይውጣበት? እኔ አይገባም እላለሁ። ስለዚህ የበሽታው ታሪክ በሰንሰለቱ ላይ መጻፍ የለበትም። እርሱ ተመስጥሮ ሐኪም ቤት ይቀመጥ፤ በሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው አሻራውና የከፈተው ሰው ዱካ ብቻ ይሁን። ያኔ ዋናው መዝገብ መሰረዝ ሲገባው ይሰረዛል፤ የሚቀረው አሻራ ለብቻው የማንንም ገመና አይናገርም።

ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ቁልፉ በታማሚው እጅ ነው ይባላል። ማንበብ የማይችሉ እናታችንስ? ስልኩን የያዘው ልጃቸው ነው፤ ልጃቸው እንዳያውቅባቸው የሚፈልጉት ሕመም ቢኖርስ? በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ተከልክሏል። የሰው ገላና ገመናው ከቤቱ ደጃፍ ያነሰ ክብር የለውም። ፈቃድ ማለት ሳያነቡ የሚጫኑት ቁልፍ ሳይሆን፣ በሚገባ ቋንቋ ተጠይቆ የሚሰጥ መልስ መሆን አለበት።

አገራችን በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። መልካም ነው። ሆኖም ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰልፈኛው እየሰማ “ምንህን ነው ያመመህ?” ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ባለበት፣ የታማሚ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በሚውልበት፣ ሰንሰለት ብቻውን ምን ያደርጋል? ቴክኖሎጂው ይምጣ፤ አንቃወመውም። አማናው ግን ዛሬ፣ ከካርድ ክፍሉ ይጀምር። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ መዝጋቢውም፣ አልጋ ጠያቂ ዘመድም ይመለከታቸዋል።

መዝገባችንን ሁሉ የሚያውቀው አላህ ነው። ነውራችንን ይሸፍንልን፤ የሌላውንም የምንሸፍን ያድርገን። አሚን።