ከራስ በላይ የተሰቀለ አደራ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው አባባል ስግብግብነትን ለመንቀፍ ይነገራል። ቆጡ ራሱ ስለተሸከመው አደራ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ከራሳችን በላይ ዕቃ ስናስቀምጥ፣ ከሥሩ የሚተኛውን ሰው ደኅንነት ለአናጢው እጅ አሳልፈን መስጠታችን ነው። ቤቱ የሚጓዝ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበረታል፤ ለመንገደኛ፣ ያውም ለጊዜው ብቻ የሚሠራን ነገር አጥብቆ መሥራት ግዴታ ነውን?

ይህ ጥያቄ ለገዳሪፍና ለመተማ መንገድ እንግዳ አይደለም። በሱዳን ምድር ለብዙ ዓመታት እህልና ሰሊጥ፣ ከጭነቱም በላይ ሰው ያመላለሱት የቤድፎርድ ሎሪዎች፣ ሞተርና ሻንሲያቸው ከእንግሊዝ አገር ይምጣ እንጂ አካላቸውን የሚሠሩት በአብዛኛው የአገሬው አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ነበሩ። መኪናውን ማደሪያው ያደረገ ሰውም ከመኝታው በላይ የእንጨት ሣጥን ማሠራት ሲሻ የሚታመነው በእንዲህ ያሉ እጆች ነው።

የሥራው ሕግ ቀላል ይመስላል። ሣጥኑ የሚታሰረው ከስሱ ላሜራ ጋር ሳይሆን ከመኪናው የብረት አጥንት ጋር ነው። ቆሞ በሚኖር ቤት ምስማር አጥብቆ የያዘውን፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ ንዝረት ያላላዋል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ኮላም ብሎንም ይሻል። ከወፍራም ጣውላ ይልቅ ስስ ኮምፔንሳቶ ይመረጣል፤ ከላይ የከበደ መኪና በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑን ይስታልና። መዝጊያው ጠንካራ መቀርቀሪያ ከሌለው ደግሞ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ጊዜ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከእነዚህ መካከል ለባለቤቱ ዓይን የሚቀረው የትኛው ነው? መቀርቀሪያው ብቻ! ሌላው ሁሉ ከቀለም በታች ተሰውሯል። አናጢው ድሃ፣ ደንበኛውም ርካሽ ፈላጊ በሆነ ጊዜ ታዲያ ቁጠባው የሚጀምረው ከተሰወረው ነው። ፍትሕ የሚጠይቀው ግን ተቃራኒውን ነው። ገንዘብ ካነሰ ቀለሙ ይቅር፣ ጌጡ ይቅር፣ ሣጥኑም ይነስ፤ መጋጠሚያው ግን አይጓደል። ደንበኛው የሚያየውን ራሱ ሊዳኝ ይችላል፤ የማያየውን የሚዳኝለት የሠሪው ኅሊና ብቻ ነው።

«ለጊዜው ነው» የሚለው ማመካኛስ? በሱዳን ዐረብኛ ራኩባ ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ መጠለያ ነው። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ ጣቢያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከረሀብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠለለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ደግሞ የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸውን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ጉዞው ተገለበጠ፤ ብዙዎች በጋላባት አልፈው ወደ መተማ ገቡ። በዚህ ድንበር ጊዜያዊ የተባለ ጎጆ ልጅ የሚወለድበትና የሚያድግበት ቤት ሆኖ ይገኛል። ማደሪያው ጊዜያዊ ቢሆን እንኳ የሚያድርበት ሰው ነፍስ ጊዜያዊ ዋጋ የላትም።

ይህ ማለት ግን ለመንገደኛ እንደ ቤተ መንግሥት ይሠራለት ማለት አይደለም። ለዘለዓለም ተብሎ የከበደው ሣጥን መኪናውን ይገለብጣል፤ በቸልታ የቀለለውም ተኝቶ የሚጓዘውን ይጎዳል። ቅለትና ቸልታ ለየቅል ናቸው። አናጢው ሁለቱን ለመለየት፣ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ሣጥኑ ሞልቶ፣ መኪናው በኮረኮንች እየተጓዘ፣ የገዛ ልጄን ከሥሩ አስተኛለሁን?