በሌላ ሰው ቆዳ ተወኩል የለም



ሰሊጥ ሲደርስ ብዙ ወጣቶች ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ቀን አጭደው ማታ ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛሉ። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ሌሊት ትወጣለች፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች። መድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል።

ታዲያ ባለ እርሻው ይህን ሳያዘጋጅ "በአላህ ተወከል" ቢለው ተወኩል ይባላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር ሊመካ ላሰበው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት ነው ያዘዙት። ተወኩል ሰበብ ካደረሱ በኋላ የሚመጣ የራስ ልብ ሥራ ነው። ሌላውን ያለ መከላከያ አሰማርቶ ተወኩልን ማውራት ግን አማናን መብላት ነው።

ወንድሜ፣ አጎበር መጠየቅህ የኢማን ድክመት አይደለም። ቀጣሪ ከሆንክ ደግሞ ሳትጠየቅ ስጥ። በሱረቱል በቀራህ 26ኛ አንቀጽ ትንኝ እንኳ ምሳሌ ሆና ተጠቅሳለች፤ እኛ የትንኝን ጉዳይ ትንሽ ነው ብለን አንለፈው።

ጁሙዓ ሙባረክ!