ሕሙም ሰው የሌላው መማሪያ ሊሆን ይገባልን?

በየቁምስናችን ካሉት ወጣቶች መካከል ሐኪም፣ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ጥቂቶች አይደሉም። ወላጆቻቸው ይህን በደስታ ይነግሩናል፤ እኛም ደስታቸውን እንካፈላለን። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ውለው የሚያድሩበት ቤት፣ ማለትም ትልቁ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከነሆስፒታሉ፣ ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ፣ በዚያ መሥራትም በሰው ኅሊና ላይ ምን ዓይነት ሸክም እንደሚጥል ቆም ብለን ያሰብን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ስለዚህ ሸክም ከእናንተ ጋር ልናስብ እንወዳለን።

ቤቱና ሥራው

ተራ ሆስፒታል አንድ ዋና ሥራ አለው፤ እርሱም ማከም ነው። የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ግን ሦስት ሥራዎች አሉት፤ ያክማል፣ ያስተምራል፣ ይመራመራል። በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ቤት ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ ቆይቶም የጅማው ተጨመረ። ለብዙ ዘመን በአገር ውስጥ የሚሠለጥኑት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚወጡት ከእነዚህ ከሦስቱ ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪም የሚያሠለጥኑት ቤቶች ቁጥር ከሃያ በላይ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ በሰፊው የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከየክፍለ ሀገሩ «ከአቅማችን በላይ ነው» ተብሎ የሪፈር ወረቀት የተሰጠው ብዙ ሕመምተኛ መድረሻው እርሱ ነው። ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ከሃያ ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ በዚያ ብቻ ይሰጥ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል።

እንዲህ ባለ ትልቅ ቤት ውስጥ ሥራው ገና በማለዳ ይጀመራል። በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ሰልፉ ይረዝማል። የጽዳት ሠራተኞች ወለሉን ይወለውላሉ፤ አስታማሚዎች የሌሊት ልብሳቸውን ጠቅልለው ከአልጋው ሥር ያስቀምጣሉ፤ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ለቀን ተረኛዋ ታስረክባለች። ከዚያም «ራውንድ» የሚባለው ጉብኝት ይመጣል። አስተማሪው ሐኪም ከፊት፣ ሬዚደንቶቹ ከኋላው፣ ቀጥሎ ኢንተርኖቹ፣ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ሆነው ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳሉ። ኢንተርኑ ስለ ሕመምተኛው ያወቀውን ሁሉ ይናገራል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ንግግሩም በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው ይጠይቃል፤ መልስ ያጣ አንገቱን ይደፋል። ሕመምተኛው ግን ስለ ራሱ የሚነገረውን ሳይሰማ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያየ፣ ዕድሉን ከገጽታቸው ለማንበብ ይሞክራል።

በዚያች አልጋ ዙሪያ ሁለት ሕሙማን አሉ ብንል አንሳሳትም። አንዱ ዛሬ ተኝቶ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ገና ያልታመመው፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደው፣ ተማሪው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያክመው ሰው ነው። በሕክምና ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሁሉ ለሁለቱም ባለ ዕዳ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለሚመጣው ሕመምተኛ ሲባል የዛሬው ሕመምተኛ መማሪያ ሊሆን ይገባልን?

የራሳችን ጥፋት

ስለ ሌሎች ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ማስቀደም ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ሕሙማንን መጎብኘት ለማለማመድ ሰባት ሆነን ወደ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሄድን። በሴቶች ክፍል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተኝተው አገኘን፤ በአልጋቸውም ዙሪያ ቆምን። ሰላምታ ሰጥተን ወዲያው ፊታችንን ወደ መምህራኑ መለስን፤ እንዴት መቅረብ፣ በምን ዓይነት ድምፅ መናገር፣ ምን ያህል መቆየት እንደሚገባ እናብራራላቸው ጀመር። እናቲቱ ጥቂት ታግሠው ካዳመጡ በኋላ «አባቴ፣ እናንተም ልትማሩብኝ ነው የመጣችሁት?» አሉን።

በዚያች ሰዓት የገባን እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። መምህራኑን ወደ ውጭ አስወጥተን ብቻችንን አጠገባቸው ተቀመጥን፤ ስማቸውንም ያን ጊዜ ጠየቅን። ከማለዳ ጀምሮ ሁለት የተማሪዎች ቡድን መጥቶ ሆዳቸውን እየዳሰሰ ሄዷል፤ ምን እንደ ተገኘ ግን የነገራቸው አልነበረም። ልባቸው በተማሪዎቹ ላይ የከፋ መስሎን ልናጽናናቸው ሞከርን። እርሳቸው ግን «ልጆቹስ ይማሩ፤ እነሱ ካልተማሩ ማን ሊያክመን ነው? ነገር ግን ‹እማማ፣ እንይዎት ወይ› ብሎ መጠየቅ ምን ገንዘብ ያስወጣል?» ብለው መለሱልን።

በዘርአ ክህነት ሳለን ስለ ሰው ክብር ብዙ መጻሕፍት አንብበናል። ይሁን እንጂ የጉዳዩን ሁለቱንም ጎን እንደዚህ አጥርቶ ያስቀመጠልን ንግግር ብዙ አናስታውስም።

ሁለት የተሳሳቱ መልሶች

ለጥያቄያችን ሁለት ቀላል መልሶች ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ናቸው።

የመጀመሪያው፦ «ሕመምተኛ ለራሱ መዳን ካልሆነ በቀር በማንም ሊነካ አይገባም» የሚል ነው። ይህ ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል፤ ቢፈጸም ግን ሐኪም የሚባል ሰው አይኖርም። የልብን ድምፅ በመጽሐፍ ማዳመጥ አይቻልም፤ እጅም ያለ ልምምድ አይበረታም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1889 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ የነበረው ዊልያም ኦስለር ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ሕሙማን አልጋ በመውሰዱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። በተጨማሪም የብዙ ዓይኖች መኖር ለሕመምተኛው ራሱ ይጠቅመዋል፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ በተማሪ ፊት የሚሠራ አስተማሪም ሥራውን ይጠነቀቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በጥይት በቈሰሉ ጊዜ የተወሰዱት በሮም ወደሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ወደ ጄሜሊ ነበር። የማስተማሪያ አልጋ የውርደት አልጋ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ፦ «ብዙዎች የሚድኑ ከሆነ ጥቂቶች ቢጎዱ ምንም አይደለም» የሚል ነው። ይህ የት እንደሚያደርስ ታሪክ አሳይቶናል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የመንግሥት የጤና ሠራተኞች ወደ 400 የሚጠጉ ቂጥኝ የያዛቸውን ድኾች ጥቁር ወንዶች በሽታው እስከ ሞት እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲሉ ሳያክሙ ይከታተሏቸው ነበር። ፔኒሲሊን የሚያድን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም፤ እውነቱንም አልነገሯቸውም። ፕሬዚደንቱ በአገሪቱ ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። ያን ሥራ ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ ዕውቀት ለሕዝብ ይጠቅማል ብለው የሚያምኑ ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ እንበል። ጥፋታቸው የሚጀምረው አጠገባቸው ያለውን ሰው መንገድ አድርገው ከቈጠሩበት ጊዜ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሐኪም በሕመምተኛው ላይ ያለው ሥልጣን ሕመምተኛው ራሱ ከሚሰጠው እንደማያልፍ አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ሰው ስለ ራሱ ሲባል የተፈለገ ፍጡር መሆኑን አስታወቀ። ከዚህ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሕሙም ሰው ለሌላው መማሪያ ሊሆን የሚችለው ሲሰጥ እንጂ ሲወሰድበት አይደለም። ዳሰሳው አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው፤ አልጋውም አንድ ነው። ተጠይቆ የፈቀደ ሰው ግን ሰጪ ነው፤ ሳይጠየቅ የተነካ ሰው የተቀማ ነው።

ማን ነው የሚከፍለው?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ገንዘብ ያለው ሰው ሲታመም ተማሪ ወደማይገባበት የግል ክሊኒክ ለመሄድ ይችላል። ድኻው ግን ወደ ማስተማሪያው ሆስፒታል ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ባለጸጋውን በግል ክሊኒክ የሚያክመው የሠለጠነ እጅ በድኻው ገላ ላይ የተለማመደ እጅ ነው። ሁላችንም፣ ካህናትም ሳንቀር፣ በሐኪም እጅ የዳንን ሁሉ፣ ስማቸውን ለማናውቃቸው ድኾች ባለ ዕዳዎች ነን። ይህን ዕዳ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ደግሞም «ፈቅዶ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ ገበሬ «እምቢ ካልሁ አያክሙኝም» ብሎ ቢፈራና ቢፈቅድ ፈቃዱ ሙሉ ነው አይባልም። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው «ባይፈቅዱም ሕክምናዎ አይጓደልም» ብሎ መጨመር አለበት፤ ይህንንም በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር መጠበቅ አለበት።

ለሞቱትም ቢሆን ዕዳ አለብን። የሕክምና ተማሪ የሰውን አካል አሠራር የሚማረው በአስከሬን ነው። በታይላንድ ተማሪዎቹ ያን አስከሬን «ታላቁ መምህር» ብለው ይጠሩታል፤ ትምህርቱ ሲፈጸምም በክብር ሥርዐት ይሸኙታል። እምነታቸው ከእኛ የተለየ ቢሆንም ምስጋናቸው ትክክለኛ ነው።

የሠራተኛው ድካም

አንባቢ ሐኪሞቹን ብቻ እንደምንወቅስ እንዳይመስለው እንለምናለን። አንድ የቁምስናችን ልጅ በኢንተርንነት ሲያገለግል ሳለ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «አባ፣ አሁን አሁን የሰው ፊት አይታየኝም፤ የሚታየኝ የአልጋ ቁጥር ነው። ክፉ ሰው ሆኜ ይሆን?» አለን። ልንገሥጸው ቃል ጀምረን ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ክፉ እንዳልሆነ ተረድተን ዝም አልን። በመጀመሪያ ምሳ አበላነው፤ ከዚያም እንዲተኛ አደረግነው።

የልብ መደንደን ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። ብዙ ሞት የሚያይ ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በአስተማሪው ፊት የሚያፍር፣ ከአስታማሚው ቁጣ የሚቀበል ወጣት፣ ልቡን እንደ እጁ መዳፍ ያደነድናል። እንግዲህ ኃላፊነቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ሰውን ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ አስተዳደር፣ ተማሪውን በሕመምተኛው ፊት የሚያዋርድ አስተማሪ፣ ነርሷን የሚሳደብ አስታማሚ ሁሉ ተካፋዮች ናቸው። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በኋላ ለወጣቱ የሚቀርለት የራሱ ድርሻ አለ፤ እርሱም በአልጋ ቁጥሩና በሰውየው መካከል ስሙን ማስገባት ነው።

ይህ የሚቻል መሆኑንም አይተናል። ከላይ በጠቀስነው ክፍል የእኚያን እናት ስም የሚያውቅ፣ ልጃቸው ለሦስት ቀን እንዳልመጣም ያስተዋለ አንድ ሰው ነበረ። እርሷም የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። በአልጋው ሥር እየወለወለች «እማማ፣ ዛሬስ ልጅዎ መጣ?» ስትል ሰምተናታል። በዚያ ትልቅ ቤት ካሉት ማዕረጎች ሁሉ ዝቅተኛው የእርሷ ነው፤ በዚያች ዕለት ግን ከካህኑም ከተማሪዎቹም ቀድማ የተገኘችው እርሷ ነበረች።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የሕክምና ተማሪ ልጃችሁ ወደ ቤት ሲመጣ ስለ ውጤቱ ብቻ አትጠይቁት፤ ዛሬ ያስተማረህ ሕመምተኛ ማን ይባላል፣ አመሰገንኸውን ብላችሁ ጠይቁት። ሕሙማንና አስታማሚዎች ሆይ፣ ስለ ራሳችሁ የተባለውን በቋንቋችሁ እንዲነግሯችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ይህ ድፍረት አይደለም። ስትችሉም ተማሪው ይማርባችሁ ዘንድ ፍቀዱ፤ ለማታውቁት ሰው የሚሰጥ ምጽዋት ነውና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለእናንተ የምንለው ራሳችን ከተማርነው ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ በቁምስናችን ሕሙማንን የምንጎበኘው በቡድን ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነን ነው። አልጋው አጠገብ ስንደርስ ከጸሎት አስቀድመን፣ ከምክርም አስቀድመን፣ «ልንቀመጥ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። አንዳንዶች «ዛሬስ ተዉኝ» ይሉናል። እናመሰግናቸውና እንሄዳለን።