የሞተውን ስፒከር አትጣለው

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው። አንተም ልጄ የያዝከው ይህንኑ ነው። አምፕሊፋየሩ አሜሪካ ካለ ዘመድ የመጣ ባለ ቫልቭ፣ ውድ ዕቃ ስለሆነ ትፈራዋለህ። ስፒከሩን ግን ፈትተህ ትጥለዋለህ፣ ገዳሪፍ ገበያ ሄደህ ሌላ ትገዛለህ፣ አዲሱም ጥቂት ሠርግ ሳይዘልቅ ይሞትብሃል። እዚህ ሱዳን ከዶካ ገዳሪፍ እየተመላለስክ ለስፒከር ያፈሰስከው ገንዘብ ቢደመር ሌላ ጊታር ይወጣው ነበር። አንድ ስፒከር ቢሞት ዕድሜው ደርሶ ነው ይባላል። ተከታትሎ ሲሞት ግን ገዳይ አለው፤ ገዳዩን ሳያገኙ ሌላ መግዛት ገዳዩን መቀለብ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ከመግዛትህ በፊት የሞቱትን ሰብስብ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ሥሩ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና በሁለት እጅህ ጣቶች ወረቀቱን ከመሐሉ ዙሪያ እኩል ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ታች ተጫነው። ሳይነካካ ወርዶ ከተመለሰ ከወረቀቱ ሥር የተጠመጠመው ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ቅርጹን አልለቀቀም። የሚፋቅ ድምፅ ካሰማህ ግን ኮይሉ ሞቆ አብጧል ወይም ከቦታው ተንሸራቷል። ቀጥለህ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፎች ለካ። ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተበጥሷል፤ ቁም ነገሩ የት እንደተበጠሰ ማወቁ ላይ ነው። ከጀርባ ወደ ወረቀቱ የሚሄደውን ለስላሳ ጉንጉን ሽቦ ነካ ነካ አድርገህ እየው። ብዙ ጊዜ እሱ ከሥሩ ተቆርጦ ይገኛል። በካውያ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ስፒከሩም ከሞት ይነሣል። ስንት ደህና ስፒከር በዚህች ሽቦ ሰበብ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ እንዳየሁ ሳስብ አንጀቴ ያራል።

ሽቦው ደህና ከሆነ መሐል ላይ ያለውን ክብ ቆብ ዙሪያውን በምላጭ ቆርጠህ አንሳውና ውስጡን በባትሪ መብራት እይ። ኮይሉ ጠቁሮ፣ ሙጫው ተንጨርጭሮ፣ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ የገደለው ሙቀት ነው፤ ከሚችለው በላይ ኃይል ተጭኖበታል። መዳቡ እንደ አዲስ እያበራ ወረቀቱ ከጠርዙ ተቀዶ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ቡናማ ጨርቅ ተገንጥሎ ከሆነ ግን ሙቀት አይደለም፤ ከልኩ በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛውዞ ነው የሞተው። ሁለቱ ለየቅል በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሰምተሃል፤ የሞተውን ስፒከር አውጥቶ የሚጥል ሰውም በሽታውን በገዛ እጁ እየደበቀ ነው።

ባለፈው ያሳየኸኝ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር እንጂ ኮይሉ አልጠቆረም። ሠርግ ላይ በዚያ አምፕ ውስጥ ምን ምን እንደምታስገባ የጠየቅኩህም ለዚሁ ነው። ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ የዘፋኙም ማይክ አልከኝ። ነገሩ ይገባኛል። የዶካ ሠርግ ሁለት አገር ነው፤ ሱዳኑ ወርዲን ሲል ሐበሻው ጥላሁንን ይላል። የሁለቱም ዘፈን በአምስቱ ድምፅ ቅኝት ስለሚሄድ ተጫዋቹ አይቸገርም። መሐመድ ወርዲ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 አዲስ አበባ ስታዲየም ሲዘፍን የሐበሻው ሕዝብ እንዴት እንደተቀበለው ይታወቃል። የኦምዱርማኑ ሸርሐቢል አሕመድም ኤሌክትሪክ ጊታርን በሱዳን ዘፈን ውስጥ ቦታ ያስያዘ ሰው ነው፤ አንተ ከዚህም ከዚያም ወራሽ ነህ። ይሁን እንጂ ኪቦርዱ የሚያወጣው ቤዝና ከበሮ ለጊታር ስፒከር አልተሠራም። የጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ በሰከንድ ወደ 82 ጊዜ ይርገበገባል፤ የኪቦርዱ ቤዝ 40 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ድምፁ በወረደ ቁጥር ያንኑ ያህል ለመሰማት ወረቀቱ በብዙ እጥፍ ርቆ መሄድ አለበት። ያንተ ሣጥን ደግሞ ጀርባው ክፍት ነው፤ ውስጡ የታፈነ አየር ስለሌለ ወረቀቱን የሚገታው ነገር የለም። መዝለል ከማይችልበት ዘልሎ ይቀደዳል። «ዐይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይኼ ነው፤ ጥፋቱ የኪቦርዱ፣ ተወቃሹ ስፒከሩ።

ተቃጥሎ የሞተ ካገኘህ ደግሞ ወደ ዋት ሂድ። አምፕህ ላይ 50 ዋት ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ያ ድምፁ ጥርት ብሎ ሳለ የሚሰጠው ነው። እስከ ጥግ ከፍተኸው ድምፁ ሲሰነጠቅ 80 እና ከዚያም በላይ ሊተፋ ይችላል። የጊታር ሰው ደግሞ የሚወደው ያንን ስንጥቅ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለ50 ዋት አምፕ ቢያንስ 100 ዋት የሚችል ስፒከር ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ጀርባው 500 ዋት የሚል ስፒከር በርካሽ ይሸጥልሃል፤ ማግኔቱ ቀላል፣ ኮይሉ ከጣት ብዙ የማይወፍር ሆኖ ሳለ 500 ማለት የተለጠፈ ወረቀት ወሬ ነው። የምትጠይቀው የአር ኤም ኤሱን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚችለውን ዋት ነው፤ ሻጩ ካላወቀው በማግኔቱ ክብደትና በኮይሉ ስፋት ፍረድ።

ይህ የዛሬ ችግር እንዳይመስልህ። ለንደን ውስጥ ከበሮ ይሸጥ የነበረው ጂም ማርሻል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 የፌንደርን ቤዝማን አምፕ መሠረት አድርጎ አምፕ ማሠራት ሲጀምር፣ የዘመኑ ባለ 12 ኢንች ስፒከር የሚችለው 15 እና 20 ዋት ነበር። ሣጥን ውስጥ ሁለት ሲያደርጉ ይቃጠሉ ነበርና አራት አደረጓቸው፤ ጭነቱን አራቱ ተካፈሉት። ዛሬ በየመድረኩ የምታየው ትልቁ ባለ አራት ሣጥን የመጣው ካንተው ጭንቀት ነው።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያንተ ሣጥን ባለ ሁለት ነው። አንዱ ሲሞት በቦታው የገባው የመኪና ስፒከር ነው፣ አይደል? የመኪና ስፒከር አብዛኛው 4 ኦም ነው፤ የቀረው ነባሩ 8 ኦም ነው። ጎን ለጎን ሲታሰሩ ባለ 4ቱ የባለ 8ቱን እጥፍ ኃይል ይወስዳል። ከኃይሉ ሦስት እጅ ሁለቱ በአዲሱ ላይ ይወርዳል ማለት ነው፤ እሱም ቀድሞ ይነዳል። ከዚያ ኃይሉ ሁሉ በቀረው ላይ ይዞርና እሱም ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርግ። በቴስተር ስትለካ 8 ኦም የተባለው 6 ወይም 7 ያነባል፣ 16ቱ 12 ወይም 13፣ 4ቱ 3 ከምናምን፤ ያ ጤነኛ ነው። ሁለት ባለ 8 ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ይሆናሉ፣ ተከታትለው ሲታሰሩ 16። የአምፑንም የኦም መምረጫ በዚያው ልክ አስቀምጠው። ስፒከር ሳይሰካ አምፑን አታስነሣ፤ ባለ ትራንዚስተሩ ይታገሠዋል፣ ባለ ቫልቩ ግን የውጤቱን ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ከአምፕ ወደ ሣጥን የሚሄደውም ገመድ ወፍራም የስፒከር ገመድ ይሁን እንጂ የጊታሩ ቀጭን ገመድ አይሁን።

«ዲሲ ነው የሚያቃጥለው» የሚልህ ባለሙያ ይመጣል። በባለ ትራንዚስተር አምፕ እውነት ነው፤ አንድ ትራንዚስተር ሲሞት ዲሲው በቀጥታ ኮይሉ ላይ ይወርዳል። ባንተ አምፕ ግን መሐል ላይ ትራንስፎርመር አለ፤ ዲሲ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥርጣሬውን ወደማይሰማው ድምፅ አዙረው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና። አሮጌ አምፕ ጆሮ የማይደርስበት ቀጭን ፉጨት ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ኮይሉን ሊያሞቀው ይችላል። ትራንስፎርመሩ በቅርብ ተቀይሮ ሁለቱ ገመዶቹ ቦታ ከተለዋወጡ፣ ወይም የውስጡ ሽቦ ከተመሰቃቀለ ይህ ይመጣል። ፈተናው ቀላል ነው። በስፒከሩ ቦታ ባለ 8 ኦም ወፍራም ሬዚስተር እሰር፣ ምንም ሳትሰካ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገህ ጥቂት ተወው። ከዚያ አጥፍተህ ሬዚስተሩን ንካው። ዜሮ ላይ ሆኖ ከሞቀ፣ ያልጠራኸው ኃይል እየመጣ ነው። ርካሽ ቴስተር ቀጭኑን ፉጨት ላያነብ ይችላል፤ ሙቀቱ ግን አይዋሽም። ስፒከሩ እንደታሰረ፣ ሳትጫወት ወረቀቱ ዝም ብሎ ሲወጣና ሲገባ ካየህም የኮንዴንሰሮቹ ዕድሜ አልቋል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆነው የገዳሪፍ በጋ ቶሎ ይደርቃሉ።

የጄነሬተሩንም ነገር አትርሳ። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር ታበላዋለህ። ጄነሬተሩ 230 መስጠት ሲገባው 260 ሲሰጥ፣ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ቫልቮቹም ስፒከሩም ይሰቃያሉ። ለ60 ሳይክል ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ሲነዳ ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። ሠርጉ ከመጀመሩ በፊት መስመሩን ለካው። ፊውዝ ሲበጠስ በሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት የሚተካ ሰው አይቻለሁ፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም»፣ ወረቀቱም አምፕህን ከእሳት አያስጥልህም። ፊውዙ የተበጠሰው ሊነግርህ የፈለገው ነገር ስላለ ነው።

ክዳኑን ግን አንተ አትክፈተው። ውስጡ 400 እና 500 ቮልት አለ፤ ኮንዴንሰሮቹ ከመስመር ነቅለኸውም ይዘውት ይቆያሉ። ለይተህ የማታውቀውን መንካት የጊታር ሰው ሥራ አይደለም። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም»፤ እናትህ ያላት አንድ ልጅ ነው። የውስጡን እኔ አየዋለሁ፣ ካቃተኝ የሚችል እንፈልጋለን።

አሁን ሰሊጡ ሊሰበሰብ ነው፣ ሠርጉም ይበዛል። ለመጪው ለኪቦርዱና ለማይኩ ሞንታርቦ ተከራይ፤ ኪራዩን ለሦስት ተካፈሉት። አምፑ ውስጥ ጊታርህ ብቻ ይግባ። የመኪናውን ስፒከር አውጣውና፣ የነባሩን ጓደኛ 8 ኦም እስክናገኝ ነባሩን ብቻውን አስቀርተህ መምረጫውን 8 ላይ አድርገው። ብቻውን ስለሆነ ቮልዩሙን ከግማሽ አታሳልፈው። የሞቱትን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘህልኝ ና፤ ካውያው እኔ ዘንድ አለ።