ሻማው የኔ ነው፤ የሚቃጠለው ቤት ግን የማን ነው?

 

የዛሬው ማስታወሻችን ከቤቷ ሆና ለምትሠራው እህታችን ነው። አንዷ ኬክ ትጋግራለች፣ አንዷ ቡኹር ታሰናዳለች፣ ሌላዋ ደግሞ መዓዛው ቤት የሚያውድ ሻማ በብርጭቆ እየሞላች በቴሌግራም ትሸጣለች። ማሻአላህ! ሰው ከሚበላው ሁሉ በላጩ በእጁ ሠርቶ ያገኘው መሆኑን፣ ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

እስቲ የሻማዋን እህት እንያዝ። እንዲህ ትላለች፦ «ኒያዬ ንጹሕ ነው። ሰሙን የማቀልጠው በራሴ ኩሽና ነው። ንግድ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የሚባለው የትልልቅ ፋብሪካዎች ጣጣ ነው። እኔ በአላህ ተመክቻለሁ።»

እህቴ፣ ተወኩልሽን አላህ ይቀበልሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የተመካሽው የማንን ንብረት አስይዘሽ ነው?

መዲና ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት ከነቤተሰቡ ተቃጠለ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ለሰው ጠላት መሆኑንና ስንተኛ ማጥፋት እንዳለብን አስተማሩ (ቡኻሪና ሙስሊም)። በሌላ ዘገባ ደግሞ አይጥ የመብራቱን ክር እየጎተተች አምጥታ የተቀመጡበትን ምንጣፍ የዲርሃም ያህል አቃጠለችው (አቡ ዳውድ)። አስተውዪ! ከሰው ሁሉ በላጩ ተወኩል ያላቸው ነቢይ «አላህ ካልፈቀደ አይቃጠልም» ብለው አላለፉትም። ሰበቡን አድርሱ አሉ። ግመሉን ስለማሰር የጠየቃቸውንም ሰው መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነው የመከሩት።

ያ ሰው እኮ ግመሉ የራሱ ነበር። ቢጠፋ የሚከስረው እሱ ነው። ያንቺ ሻማ ግን ተሽጦ ሰው ቤት ይገባል። መብራት በጠፋ ማታ ሕፃን በተኛበት ክፍል ይበራል። ክሩ ለብርጭቆው ከወፈረ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ብርጭቆው በሙቀት ይሰነጠቃል። ሰሙን የምታቀልጪውም በኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይሽም ከታችሽም ጎረቤት አለ። በራስሽ ሐቅ መታገሥ ትችያለሽ። የጎረቤትሽን ሐቅ አስይዘሽ ግን «ተወኩል አድርጌያለሁ» ማለት ከየት የመጣ ነው?

«ሆን ብዬ አላደረግኩትም» ትዪ ይሆናል። እውነት ነው፣ ስሕተት ወንጀል ሆኖ አይጻፍብሽም። ነገር ግን ዑለማዎች ሁለት ነገር ለይተው ያስተምራሉ። ወንጀሉ በኒያ ይታያል፣ የሰው ንብረት ግን በስሕተትም ቢጠፋ ይተካል። ይህን ደማን ይሉታል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ከእናቶቻችን አንዷ የሌላዋን ሳሕን ሰበረች። እሳቸውም ምግቡን በእጃቸው ሰብስበው፣ በተሰበረው ሳሕን ፋንታ ደህናውን ላኩ። ነገሩን በፈገግታ ብቻ አላለፉትም፤ ሐቁን ለባለቤቱ መለሱ። ሕክምና ሳይማር ያከመ ሰውም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ተናግረዋል። «እኔ ደግ አስቤ ነው» ማለት ዕዳውን አያነሳም።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ልማዱ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ፋብሪካ ወይስ ኩሽና ብሎ አይለይም። በአዋጅ ቁጥር 980/2008ም ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ ክልክል ነው። ይህን የመንግሥት ጣጣ ብቻ አድርገሽ አትዪው። በእስልምና ታሪክም ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ሚዛን ይፈትሻል፣ ማጭበርበርን ይከለክላል። ፈቃድ ማለት «ጉዳት ብታደርስ የምትገኝበት አድራሻ አለህ» ማለት ነው። ሐቀኛ ነጋዴ መገኘትን አይፈራም።

«ኢንሹራንስስ ሐራም አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ፣ የተለመደው የንግድ ኢንሹራንስ ገረር ስላለበት እንደማይፈቀድ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመው ግን እንደሚፈቀድ ወስኗል። ተካፉል የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው የተጎዳው ከመዋጮው ይካሳል። በሀገራችንም የተካፉል አገልግሎት የጀመሩ ኢንሹራንሶች አሉ፣ ጠይቂ። በውጭ ሀገር ያላችሁ እህቶችም አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሠራን ንግድ አይሸፍንም፣ ወይም በትንሹ ብቻ ይሸፍናል። ውሉን አንብቡ፤ ካልገባችሁ የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ።

«ካፒታሌ ትንሽ ናት፣ ይህን ሁሉ ካደረግኩ ንግዱ ይሞታል» ለምትዪው፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ስለዚህ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሪ። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ባስቀመጥሽው ዕቃ አቅልጪ፣ ትተሽውም አትሂጂ። ሰም እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም አትድፊበት፣ እሳቱን ያፈነዳዋል፤ በክዳን አፍኚው። አዲስ ዓይነት ሻማ ከመሸጥሽ በፊት ራስሽ ቤት እስከ መጨረሻው አብርተሽ እዪው። በብርጭቆው ላይም «ትታችሁት አትውጡ፣ ከሕፃናትና ከመጋረጃ አርቁ» ብለሽ ጻፊ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእህሉ ክምር ሥር እርጥበቱን ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን የወቀሱት ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ነው። ያንቺ ሻማ እርጥበት አደጋው ነው። ደብቀሽው አትሽጪ።

ከዚያ ፈቃዱን አውጪ። ተካፉሉ እስኪሳካ ድረስ ከየሽያጩ ጥቂት እያነሳሽ ለካሳ አስቀምጪ። ጉዳት ቢደርስ ልትክሺው የማትችዪውን ያህል ደግሞ ገና አትሽጪ።

ውድ እህቴ፣ ወንድሜም አንተም! በቂያማ ቀን ሶላትና ጾም ይዞ መጥቶ፣ የሰው ሐቅ ስላለበት ምንዳው ለሌሎች ተከፋፍሎ የሚያልቅበት ሰው እውነተኛው ከሳሪ እሱ ነው። ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስንቀራና ሰለዋት ስናበዛ፣ በእጃችን ሠርተን ሰው ቤት ያስገባነውንም ነገር እናስብ።

ያ አላህ! ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፣ በረካ ጨምርበት። በእጃችን ሥራ ማንም ባሪያህ እንዳይጎዳ ጠብቀን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊትህ ከመቆም አድነን። አሚን!