ፖሊስ ዘንድ ያለ ንብረትም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሚሴ ላይ ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ አንድ ወጣት በመስጊዱ በር ቆሞ ጠበቀኝ። ባጃጅ ነጂ ነው። የጫነው ዕቃ ኮንትሮባንድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ባጃጁ መንገድ ላይ ተያዘች። የትኛው ጣቢያ እንደያዛት መናገር አስፈላጊ አይደለም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ነገር አይደለምና። ከአምስት ወር በኋላ ጥፋት የለብህም ተባለና ባጃጁን ውሰድ ተባለ። ሄዶ ሲያያት ባትሪዋ የለም፤ ሁለቱ ጎማዎች ተቀይረዋል፤ ሸራዋ በፀሐይና በዝናብ ተበጣጥሷል፤ ሞተሯም ውኃ ገብቶበት አልነሣም አለ። በገመድ አስጎትቶ ወደ ቤቱ ወሰዳት።

«ኡስታዝ፣ ሰዉ ሁሉ ለአላህ ብለህ ተወው ይለኛል። ከመንግሥት ጋር ተሟግቶ ማን ረታ ይሉኛል። ልተወው ወይስ ልጠይቅ? እስቲ ይምከሩኝ» አለኝ።

እኔም «ባጃጇ ያንተ ብቻ ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። ግማሿ የሟች ወንድሙ ልጆች ገንዘብ መሆኗን ነገረኝ። «እንግዲያውስ ልጄ፣ ያንተን ድርሻ ይቅር ማለት ትችላለህ፤ ምንዳህም አላህ ዘንድ ነው። የየቲሞቹን ድርሻ ግን አንተ ይቅር ልትል አትችልም» አልኩት። ወጣቱ አቀርቅሮ ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አንባብያን ሆይ! ብዙዎቻችን አማና ሲባል የሚታየን ጎረቤት ያስቀመጠው ገንዘብ ወይም ሐጅ የሄደ ሰው የሰጠን ቁልፍ ብቻ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድናደርስ፣ በሰዎች መካከል ስንፈርድም በፍትሕ እንድንፈርድ አዟል። የተፍሲር ዓሊሞች ይህ አንቀጽ የወረደበትን ምክንያት ሲያወሱ የካዕባን ቁልፍ ታሪክ ያነሳሉ። መካ በተከፈተች ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁልፉን ከዑስማን ኢብን ጦልሓ ተቀበሉ፤ ካዕባ ውስጥ ገብተው ከወጡ በኋላም ቁልፉን ለራሱ ለዑስማን መለሱለት። ልብ በሉ! ያን ቀን በመካ ውስጥ ከእርሳቸው በላይ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ቁልፉን ለፈለጉት ቢሰጡ የሚቃወማቸው አይገኝም ነበር። ይሁንና ከባለቤቱ የተወሰደ ነገር ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

በዚያው በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሌሎች ሁለት ክስተቶች ተፈጽመዋል። አንደኛው የሶፍዋን ኢብን ኡመያ ጥሩር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሑነይን ሲዘምቱ፣ ገና ካልሰለመው ከሶፍዋን ጥሩሮች ጠየቁ። ሶፍዋን በጉልበት ልትወስድብኝ ነውን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አይደለም፣ ዋስትና ያለው ውሰት ነው ብለው መለሱለት። ከዘመቻው በኋላ ከጥሩሮቹ ጥቂቶቹ ጠፍተው ስለተገኙ ካሳውን ልክፈልህ አሉት። ሶፍዋን በዚያን ጊዜ ልቡ ወደ ኢስላም አዘንብሎ ስለነበር አልፈልግም አለ። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው። የጠፋው እንዲተካ ቀድመው ያነሱት ራሳቸው መሪው ናቸው፤ ባለንብረቱ ደጅ አልጠናም። ይቅርታውም የመጣው መብቱ ከታወቀለት በኋላ ነው።

ሁለተኛው የበኒ ጀዚማ ጉዳይ ነው። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ወደዚያ ነገድ በተላኩ ጊዜ በስሕተት ሰዎች ተገደሉ፤ ንብረትም ጠፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሬው ሲደርሳቸው እጃቸውን አንሥተው ከድርጊቱ ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ አሳወቁ። በዚህ ግን አላበቁም። ዐሊይን (ረ.ዐ.) ገንዘብ አስይዘው ላኩ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ዐሊይ የሟቾቹን ደም ካሳና የጠፋውን ንብረት ሁሉ፣ ውሻ የሚጠጣበትን ገበታ ሳይቀር፣ ከፈሉ። የተረፈውንም ገንዘብ ምናልባት ያልታወቀ ጉዳት ቢኖር በማለት ለሰዎቹ ተዉላቸው። የውሻ ገበታ በካሳ የተተካበት ሃይማኖት ተከታዮች ሆነን ሳለ፣ የአንድ ድሃ ባትሪ ምን ትጠየቃለች እንላለን?

ፉቀሃኦች በዚህ ርዕስ ላይ ሁለት ዓይነት እጅ እንዳለ ያስተምራሉ። አንዱ የአማና እጅ ነው፤ ሌላው የዋስትና እጅ ነው። ንብረቱን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው የአማና እጅ አለው። እርሱ ሳያጠፋ ወይም ሳይዘናጋ ንብረቱ ቢጠፋ አይጠየቅም። ከወሰን ካለፈ ወይም ጥበቃውን ቸል ካለ ግን ይጠየቃል። ንብረቱን ያለ አግባብ የያዘ ሰው ደግሞ እጁ የዋስትና እጅ ስለሆነ በማንኛውም ምክንያት ቢጠፋ ይከፍላል። ባለቤቱ መልስልኝ ሲለው መመለስ እየቻለ ያለ ምክንያት የከለከለ አደራ ጠባቂም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል።

ይህንን በራሳችን ሁኔታ እንመልከተው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ስንት ቤትና ስንት ንብረት እንደጠፋ የአገሬው ሰው ያውቃል። በሕግ ተይዞ የነበረ ዕቃ በዚያ ሁከት ተዘርፎ ከሆነ፣ ጠባቂው የሚችለውን እስካደረገ ድረስ፣ ወቀሳ የለበትም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ይለቀቅ የተባለ ዕቃ ዛሬ ነገ እየተባለ ቆይቶ ከነበረ ጦርነቱ ምክንያት አይሆንም። ሰላም በሆነ ቀን ግቢ ውስጥ የባትሪ መነቀል ደግሞ የጦርነት ሥራ አይደለም።

ሥራ ፈትታ የቆመችበት ጊዜስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ንብረትን ያለ አግባብ የያዘ ሰው ለቆየበት ጊዜ የኪራዩንም ዋጋ ይከፍላል። በሐነፊይ መዝሀብ መሠረቱ ከዚህ ቢለይም፣ የኋለኞቹ ዓሊሞች ሦስት ነገሮችን ነጥለው አውጥተዋል፤ እነርሱም የወቅፍ ንብረት፣ የየቲም ንብረትና ለኪራይ የተዘጋጀ ንብረት ናቸው።

የአገሪቱ ሕግም ቢሆን በሩን አልዘጋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰው በይዞታው ያለው ንብረት ያለ አግባብ እንዳይያዝ፣ አንቀጽ 40 የንብረት መብቱ እንዲጠበቅ፣ አንቀጽ 37 ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዲኖረው ደንግገዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይናገራል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም በፈንታው ከሠራተኛው ሊያስመልስ ይችላል። ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን ተጠያቂው ሠራተኛው ራሱ ነው። ግቢው ውስጥ ያለ መጠለያ ተትታ የዛገች ባጃጅና ባትሪዋ ተነቅሎ የተሸጠ ባጃጅ እንግዲህ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አትርሱ። በአንቀጽ 2143 መሠረት እንዲህ ያለው የካሳ ጥያቄ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አላህ ዘንድ ሐቅ በይርጋ አይታገድም። ሰው ዘንድ ግን ይታገዳል።

አሁን ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ከምኖርበት ቤት ሁለት ካርቶን መጻሕፍትና አንድ ቴፕ ለምርመራ ተወሰዱብኝ። ከወራት በኋላ ሲመለሱልኝ መጻሕፍቱ ረጥበው ገጾቻቸው ተጣብቀው ነበር፤ ቴፑም አልሠራም አለ። ተረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩና ወጣሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ፣ ሶብር አድርጌያለሁ እል ነበር። ሰዎችም አመሰገኑኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈርቼ ነበር። ያን ፍርሃት ሶብር ብዬ ጠራሁት። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ የመድረሳው ወቅፍ መሆናቸው ነው። የእኔ ያልሆነውን ነገር በእኔ ፊርማ ይቅር አልኩ። የዚያች መድረሳ ልጆች የሚቀሩባቸውን ኪታቦች እኔ በቸርነት ስም ሰጠኋቸው። ጊዜው ካለፈ በኋላ የቻልኩትን ያህል ከራሴ ገንዘብ ገዝቼ ተካሁ። ከዚህ ወዲህ ግን ይቅር አልኩ የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ይቅር ያለው የማንን ሐቅ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ሶብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ማመልከቻ ይዞ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ መመላለስም ሶብር ነው። በሥርዓት ጠይቆ እንቢ ሲባል አለመሳደብም ሶብር ነው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ጋዜጠኛ ዩሱፍ ጌታቸው በታሰረ ጊዜ ከቤቱ ስልኮች፣ መጻሕፍትና ገንዘብ መወሰዳቸው ተዘግቦ ነበር። እነዚያ ወራት ብዙ ቤት የተፈተሸባቸው ነበሩ። ስለዚህ ይህ ነገር የአንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

ለወጣቱ የመከርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ንብረት ሲያዝ የተያዘው በዝርዝር ተጽፎ፣ ገለልተኛ ሰው በተገኘበት እንዲፈረም በትሕትና ጠይቁ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ስትረከቡ ንብረቱን በሰው ፊት አገላብጣችሁ እዩ፤ የጎደለውንና የተበላሸውን ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። ፎቶ አንሡ፤ መካኒክ የገመተውን በጽሑፍ ያዙ። መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ፣ መልስ ከጠፋ ለበላይ አካል፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አመልክቱ። በኦሮሚያ ዞናችን የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ ማንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው አቤት ማለት ይችላል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው በደሃ ደንብ እንዲታይለት ይጠይቅ።

ጠያቂም ወሰን አለበት። ባትሪው አሮጌ ከነበረ በአሮጌ ዋጋ ይጠይቅ። ያልነበረን ራዲዮ ነበረ ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ተበዳይነቱን ወደ በዳይነት ለወጠ። ጉዳዩን ለማፋጠን ጉቦ የሚሰጥም ሐቁን በሐራም በር አስገባው። ስለ አንድ ፖሊስ ጥፋት ፖሊስን ሁሉ መርገምም ዙልም ነው። በዝናብ ቆሞ የሰው ንብረት ሲጠብቅ የሚያድር ስንት ሰው አለ!

ለአንተም ፖሊስ ወንድሜ አንድ ቃል አለኝ። በጁሙዓ ቀን ከጎኔ ትሰግዳለህና ቃሌን በክፉ አትውሰደው። በኸይበር ዘመቻ ማግስት አንድ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልጋይ በቀስት ተመትቶ ሲሞት ሰዎች ጀነት ይብቃው አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኗን ተናገሩ። ይህን ሲሰማ አንድ ሰው የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። እርሷም የእሳት መሆኗን ነገሩት። በኤግዚቢትነት የተያዘ ሞተር ሳይክል ለግል ጉዳይ መንዳት፣ ከቆመ መኪና ነዳጅ መቅዳት፣ ትንሽ ናት ብሎ መብራት መንቀል፣ ከጫማ ማሰሪያ ይበልጣል እንጂ አያንስም። መጠለያ ለመሥራት በጀት የለም ትለኝ ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ለአለቃህ ጻፍ፤ ዕቃውን ቁጠር፤ መዝግብ፤ የማያስፈልገውን ቶሎ እንዲለቀቅ አድርግ። ይህን ካደረግህ በቂያማ ቀን የባጃጇ ባለቤት በአንተ ላይ ክርክር የለውም።

ወጣቱ ማመልከቻውን ጽፎ ሳያስገባ በፊት አሳየኝ። የጎማውን ዋጋ አዲስ አድርጎ ጽፎ ነበር። «ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሰረዘው፤ በቦታውም ያነሰ ቁጥር ጻፈ። ወረቀቱን አጥፎ ሲሄድ ሳየው ደስ አለኝ። መልሱ ገና አልመጣም። ቢመጣም ባይመጣም ለወንድሙ ልጆች ሐቅ የቆመ መሆኑን አላህ አይቷል።

አላህ የተበደለ ሐቁን በአግባቡ የሚጠይቅ፣ የበደለ ዛሬውኑ የሚመልስ፣ አማና የተሸከመም አማናውን የሚጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።