አንተን ብሆን ኖሮ

ለተቸገረ ሰው ምክር ስንሰጥ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው «አንተን ብሆን» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪም «ኢፍ አይ ዌር ዩ» ይላል። «ዋዝ» ትቶ «ዌር» ሲል ነገሩ በእውን የሌለ መሆኑን ሰዋስው ራሱ ይነግርለታል። አማርኛችን ግን ከዚያም ይጠልቃል። «ሐኪም ብሆን» ስንል «ን» የለችም፤ «አንተን ብሆን» ስንል ትገባለች። ሐኪምነት ተምሮ የሚደረስበት ነው፤ አንተነት ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የምናክላት «ኖሮ» ደግሞ የ«ኖረ» ልጅ ናት። ቃሉን ላከበረው ሰው «አንተን ብሆን ኖሮ» ማለት ኑሮህን ኖሬው ቢሆን ማለት ነው።

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን ልዩነት አይቶታል፦ ልጁ የሞተበትን ሰው ሐዘን መጋራት ማለት ልጅ ቢሞትብኝ ምን እሆን ነበር ማለት ሳይሆን፣ እሱን ራሱን ብሆን ብሎ ማሰብ ነው። ችግሩ ግን እዚሁ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ አንተን ከሆንኩ የማደርገው አንተ የምታደርገውን ነው፤ ምክሬ ባዶ ይቀራል። ቤቴን፣ መታወቂያዬን፣ ሰላም ያደረ ሌሊቴን ይዤ ቦታህ ላይ ከቆምኩ ደግሞ የምመክረው ራሴን ነው።

እንዲህ ያለው ምክር ምን እንደሚያስከትል በድንበራችን ይታያል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ከአሶሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ከሱዳን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነት ሲፈረም «አንተን ብሆን አገሬ እገባ ነበር» ማለት ቀላል ሆነ፤ ብዙዎችም ወደ ሱዳኑ ብሉ ናይል ግዛት ተመለሱ። መስከረም 2011 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ጦርነት ፈነዳ፤ ሰዎች በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል እንደገና ድንበር ተሻገሩ። ከነሱም መካከል ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመልሰው የነበሩ ነበሩ። መመለሳቸው ስህተት ነበር አልልም፤ አገርን መናፈቅ ምክር አያስፈልገውም። የምለው፣ ዋጋውን የከፈለው መካሪው አለመሆኑን ነው።

ድንበሩ ደግሞ ወደ ሁለቱም ወገን ያሻግራል። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020/21) በመተከል ግጭት ሲበረታ ከእኛ ወገን ወደ ሱዳን የተሰደዱ ነበሩ። ያኔ «አንተን ብሆን» የሚባለው የእኛ ሰው ሆነ።

ስለዚህ ይህን ሐረግ የመጥራት መብቱ የባለጉዳዩ ነው ብዬ አምናለሁ። እሱ «እኔን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀን ኑሮውን ሊያሳየን በሩን ከፍቷል፤ ያኔ መጀመሪያ ማድመጥ፣ ከዚያ መናገር ይቻላል። ሳይጠየቅ የተወረወረ «አንተን ብሆን» ግን፣ በቅንነት ቢባልም፣ ያንን ሰው ከገዛ ኑሮው አስወጥቶ እኛን ያስገባል።

ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ሱዳን ዳግም ስትቃጠል በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኞች ገቡ። ሸርቆሌ አልተዘጋም።